ሁለቴ ማልቀስ

ስለ ዌልሳዊቷ ተዋናይ ኢቭ ማይልስ ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው «ቶርችዉድ» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ነው፤ ፖሊስነቷን ትታ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጥረታትን የምታሳድደው ግዌን ኩፐር። እኔ ግን ስለ ሌላ ሥራዋ ነው መጻፍ የምፈልገው። እ.ኤ.አ. በ2017 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) በዌልስ በተቀረጸ ድራማ አንዲትን ሴት በሁለት ቋንቋ፣ ሁለት ጊዜ ተጫወተቻት። እያንዳንዱን ወሬ፣ እያንዳንዱን ጭቅጭቅ፣ እያንዳንዱን ልቅሶ ሁለት ጊዜ። ከሁለቱ ቋንቋ አንደኛውን አቀላጥፋ አትናገረውም ነበር፤ ለዚሁ ሥራ ስትል ቁጭ ብላ ተማረችው። ከትወና ሥራ ይህን የሚያህል ከባድ፣ ይህን ያህልም ሳይወራለት የቀረ ነገር ያለ አይመስለኝም።

የተወለደችው በ1978 በአስትራድገንላይስ ነው። ከተማዋ በታዌ ወንዝ ሸለቆ ከፍ ብላ የምትገኝ፣ በድንጋይ ከሰል የኖረች ትንሽ ከተማ ናት። ዌልስ ከእንግሊዝኛ ሌላ የራሷ ቋንቋ አላት፤ በ2021 የሕዝብ ቆጠራ ዌልስኛ እንናገራለን ያሉት 538,000 ገደማ ሲሆኑ፣ ሦስት ዓመት ከሞላው ሕዝብ 17.8 ከመቶ መሆናቸው ነው። ስለዚህ አንድ ዌልሳዊ አነጋገሩ፣ ዘፈኑ፣ ኩራቱ ሁሉ የዌልስ ሆኖ ቋንቋውን ግን ላይናገር ይችላል። ማይልስም ከእነዚህ አንዷ ነበረች። በዌልስኛ የሚያሰራጨው ኤስ ፎር ሲ የተባለው ጣቢያ የተከፈተው ኖቬምበር 1 ቀን 1982 ነው። እሱም በቀላሉ አልተገኘም፤ መንግሥት የገባውን ቃል ሲያጥፍ ግዊንቮር ኤቫንስ የተባሉት ፖለቲከኛ በ1980 «ጣቢያው ካልተሰጠ እስክሞት እህል አልቀምስም» ብለው ቆርጠው ተነሡ፤ መንግሥትም ጾሙ ሳይጀመር ወደ ቃሉ ተመለሰ። በዚህ ጣቢያ ላይ ዌልስኛ መናገር ለአንዲት ዌልሳዊት ተዋናይ ቀላል ነገር አይደለም። የሚያዳምጣት ሕዝብ ቋንቋውን ታግሎ ያቆየ ነው፤ አንዲት ፊደል ብትስት ወዲያው ያውቅባታል።

ድራማው በዌልስኛ «ኢን ቦሬ ሜርኸር» ይባላል፤ «አንድ ረቡዕ ጠዋት» ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ደግሞ «ኪፒንግ ፌይዝ»። የፌይዝ ሃውልስን ታሪክ የጻፈው ማቲው ሆል ነው። ፌይዝ ጠበቃና የሦስት ልጆች እናት ናት፤ በወሊድ ፈቃድ ላይ እያለች ባሏ ኤቫን አንድ ጠዋት ከቤት እንደወጣ ይቀራል። ባሏን ሆኖ የተጫወተው ብራድሊ ፍሪጋርድ በእውነተኛው ሕይወትም ባሏ ነው። አበርኮራን የምትባለው የድራማው ከተማ በልብ ወለድ የተሰየመች ናት፤ አብዛኛው የውጭ ቀረጻ የተሠራው ግን ላርን በምትባል፣ የታፍ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ዳር ባለች መንደር ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ፤ ልቤን የሚይዘው እሱ ነውና። ትዕይንቱ መጀመሪያ ያለ ካሜራ ይለመዳል። ማን የት እንደሚቆም፣ የት ሲደርስ ዞር እንደሚል ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ይደረጋል። መብራት ይተከላል፣ ካሜራው ቦታውን ይይዛል። ከዚያ ሰፊው ሾት፣ ማለትም ቦታውን በሙሉ የሚያሳየው ምስል፣ በአንዱ ቋንቋ ይቀረጻል። ደህና ቴክ (አንድ ሙከራ ቀረጻ) ሲገኝ ማንም ምንም ሳይነካ ያው ሾት በሌላው ቋንቋ ይደገማል። ካሜራው ወደ ክሎዝ አፕ፣ ፊትን ከቅርብ ወደሚያሳየው ምስል፣ የሚጠጋው ከዚያ በኋላ ነው፤ እዚያም እንደገና ሁለቴ። የዌልስኛውን ድራማ በሙሉ ጨርሶ እንግሊዝኛውን ከዚያ መጀመር ለተዋናይዋ የሚቀላት ይመስላል። ነገር ግን በቀረጻ ቦታ ጊዜ የሚበላው ንግግሩ አይደለም፤ መብራት ማንሣትና መትከሉ ነው። ቤት ውስጥ አንዱን መብራት ለማዞር የሚጠፋው ጊዜ አንድ ገጽ ንግግር ያስቀርጻል። ላርን ላይ ደግሞ ባሕሩ አለ፤ ጠዋት ሞልቶ የነበረው ውሃ ከሰዓታት በኋላ ሸሽቶ ጭቃ ብቻ ይቀራል። አንዱ ቋንቋ በውሃ፣ ሌላው በጭቃ እንዳይሆን ሁለቱ መከታተል አለባቸው።

ሁሉም ግን ሁለቴ አይቀረጽም። ንግግር የሌለበት ሾት፣ መኪና ስትነዳ፣ ከኋላ ስትታይ፣ ቢጫ የዝናብ ካፖርቷን ለብሳ በባሕሩ ዳር ስትሄድ አንዴ ተቀርጾ ለሁለቱም ቅጂ ይውላል። በተቃራኒው፣ ጽሑፍ የሚታይበት ነገር ሁሉ መታሰብ አለበት፤ የስልክ መልእክት፣ ደብዳቤ፣ የቢሮ ፋይል በሁለት ቋንቋ ይዘጋጃል። የመንገድ ምልክት ብቻ አያስቸግርም፤ ዌልስ ውስጥ ከመጀመሪያውም ሁለት ቋንቋ ተጽፎበታል። ክላፑ ላይ፣ ማለትም ቀረጻ ሲጀመር ካሜራ ፊት በሚመታው ሰሌዳ ላይ፣ የቋንቋው ምልክት ከተረሳ ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ሰው ቀኑን ሙሉ ቴክ ሲለይ ይውላል።

የቀጣይነት ችግሩም፣ ማለትም አንዱ ሾት ከሌላው ጋር እንዲገጥም የማድረጉ ጣጣ፣ እጥፍ ነው። በዌልስኛው «አውቃለሁ» ስትል ኩባያውን በግራ እጇ ካነሣች፣ በእንግሊዝኛውም በዚያው ቃል በዚያው እጅ ማንሣት አለባት ቢባል ኖሮ ቀላል ነበር። ግን ቃሉ በሁለቱ ቋንቋ እዚያው ቦታ ላይ አይወድቅም። ዕንባ ደግሞ ከኩባያ ይብሳል። ዓይን አንዴ ከቀላ ቶሎ አይመለስም፤ አፍንጫም ያብጣል። ትዕይንቱ ደህና ሆና ጀምራ መሐል ላይ የምትሰበርበት ከሆነ፣ ሁለተኛው ቋንቋ ሲጀመር ፊቷ አስቀድሞ የተሰበረ ነው። ሜካፑ ይታደሳል፣ ፊት ይቀዘቅዛል፣ ይጠበቃል። ቡድኑ በሙሉ ቆሞ ሲጠብቅ ተዋናይዋ ስሜቷን የት ታስቀምጠው? ከሁለት አንዱ ይደርሳል፤ ወይ ሐዘኑ በመጀመሪያው ቋንቋ ያልቅና ሁለተኛው ቅጂ ባዶ ይሆናል፣ ወይ የመጀመሪያው እንደ ልምምድ ይቀርና የተሻለው ሁሉ ለሁለተኛው ይሄዳል። ከዚህ የሚያድነው የትኛው ቋንቋ እንደሚቀድም ማፈራረቅ ነው።

ታዲያ ለምን በድምፅ ቅጂ አይተረጎምም? የአማርኛ ተመልካች ይህን ጥያቄ በደንብ ያውቀዋል፤ ቃና ቴሌቪዥን ከ2016 ጀምሮ የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ አስለምዶናል። ድምፅ መቅዳት ርካሽና ፈጣን ነው፣ ጥሩ ድምፅ ሰጪም ብዙ ያድናል። ከንፈርና እስትንፋስ ግን አይገጥሙም። የሰው ፊት ቃሉ ከመውጣቱ በፊት ነው የሚዘጋጀው፤ ያ ዝግጅት በሌላ ቋንቋ ለሌላ ቃል የተደረገ ከሆነ ዓይናችን ያውቀዋል። ለቋንቋው ክብርም ጉዳይ ነው። ዌልስኛ በዌልስ ምድር የትርጉም ድምፅ እንዲሆን አልተፈለገም። በዚሁ መንገድ ቀደም ብሎ «ሂንተርላንድ» የተባለው የወንጀል ድራማ በ2013 በኤስ ፎር ሲ ቀርቦ ስለነበር የቀረጻ ባለሙያዎቹ መንገዱን ያውቁት ነበር።

ቋንቋውን ስለ መማሩ ብዙ ማለት ይቻላል። በማያውቁት ቋንቋ ንግግር ለማጥናት የመጀመሪያው ፈተና ድምፁን ብቻ መሸምደድ ነው። አሠልጣኙ ንግግሩን አንዴ ቀስ ብሎ አንዴ በተለመደው ፍጥነት ይቀዳል፤ ተዋናይ እሱን እየሰማ እንደ ዜማ ይይዘዋል። ይህ ለአንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል፤ ለስምንት ክፍል መሪ ተዋናይ ግን አይበቃም። ባልደረባዋ አንድ ቃል ቢለውጥ ዜማው ይበጠስባታል። ከሁሉ በላይ ዓይኗ ያሳብቅባታል፤ የሚቀጥለውን ክፍለ ቃል የሚፈልግ ሰው ዓይኑ ከፊቱ ያለውን ሰው አያይም። ስለዚህ ቃል በቃል ትርጉሙ መታወቅ አለበት፤ የትኛው ቃል ግሥ እንደሆነ፣ የትኛው ቃል እንደሚያም። ከዚያ እስትንፋስ የሚወሰድበት ቦታ ላይ ምልክት ይደረጋል። ንግግሩ ቆሞ ሳይሆን ሥራ እየተሠራ፣ ሳህን እየታጠበ፣ ለልጅ ጫማ እየተደረገ ይለመዳል፤ ምክንያቱም በቀረጻው ጊዜ እጆቿ ሥራ ይይዛሉ።

ዌልስኛ የራሱ ወጥመዶች አሉት። የቃላቱ ጫና በአብዛኛው ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍለ ቃል ላይ ይወድቃል። ምላስን እንደ «ል» ለጥፎ ድምፅ ሳያወጡ ትንፋሽን በጎን መግፋት የሚጠይቅ ድምፅም አለ፤ አማርኛ እሱን የሚጽፍበት ፊደል የለውም። የቃል መጀመሪያ እንደ ባለቤቱ ይለዋወጣል፤ «ኢ ጋር» የእሱ መኪና ነው፣ «ኢ ኻር» ግን የእሷ መኪና። ስለ ጠፋ ባል በሚያወራ ድራማ ውስጥ መኪናው የማን እንደሆነ በአንዲት ድምፅ ይወሰናል ማለት ነው።

ለአማርኛ ጆሮ ደግሞ የሚቀርቡ ነገሮች አሉት፤ እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ከእንግሊዛዊ የተሻለ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ዌልስኛ አንድ ወጥ «አዎ» የለውም፤ «አለ ወይ?» ሲባል «አለ»፣ «ትመጣለህ?» ሲባል «እመጣለሁ» እንደምንለው ግሡን ይመልሳል። ጥያቄውን ያልተረዳች ተዋናይ አዎ እንኳ ማለት አትችልም። ፖሊስ ሲጠይቃት ሦስት ጊዜ አዎ ብትል ሦስቱም የተለያዩ ቃላት ሊሆኑ ይችላሉ። ዌልስኛ «አንተ» እና «እርስዎ»ም አለው፤ «ቲ» እና «ኺ»። አንድ ሰው ከ«ኺ» ወደ «ቲ» ሲወርድ ወይ ቀርቧል ወይ ደፍሯል። እንግሊዝኛው ሁለቱንም በአንድ ቃል ይውጣቸዋል፤ ስለዚህ በዌልስኛው ቃሉ የሚሠራውን በእንግሊዝኛው ፊቷ መሥራት አለበት፣ በአገጭ፣ በዝምታ፣ በትከሻ።

የግሡ ቦታም አለ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፣ እንግሊዝኛ መሐል፣ ዌልስኛ መጀመሪያ። «ሄደ ኤቫን ትናንት» እንደ ማለት ነው። በዌልስኛ ሰሚው ነገሩን ከመጀመሪያው ቃል ይሰማዋል፤ ፊቱ የሚለወጠው ያኔ ነው። በእንግሊዝኛው ትንሽ ይዘገያል። ኤዲተሩ ወደ ሰሚው ፊት የሚቆርጥበት ቅጽበት በሁለቱ ቅጂ ስለሚለያይ፣ አንዱን ቅጂ ሠርቶ ሌላውን በዚያው ልክ መገልበጥ አይሆንም።

ይህን ሁሉ የተሸከመችው ከየት አምጥታ ነው? በካርዲፍ የዌልስ ንጉሣዊ የሙዚቃና የድራማ ኮሌጅ ተምራ በ2000 ተመረቀች። ወዲያው በቢቢሲ ዌልስ «ቢሎንጊንግ» በተባለ፣ በሸለቆዎቹ ውስጥ ያለ ቤተሰብ ታሪክ በሆነ ድራማ ገባችና እስከ 2009 ከዚያ አልወጣችም። በ2003 ከሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ ጋር በ«ታይተስ አንድሮኒከስ» ተውኔት ላቪንያን ሆነች። ላቪንያ ምላሷ ተቆርጧል፣ እጆቿም ተቆርጠዋል፤ የበደሏትን ሰዎች ስም አፏ ውስጥ በያዘችው በትር አሸዋ ላይ ትጽፋለች። ምላሷ ከተቆረጠ ወዲያ አንዲት ቃል የላትም። ቃል የሌላትን ሴት በመድረክ ያቆመ ሰው፣ ቃሉ ባዕድ ሲሆንበት በምን እንደሚቆም ያውቃል። እኔ ፌይዝን ሳይ ላቪንያ ትታየኛለች።

በ2005 «ዶክተር ሁ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ፣ በ1869 ካርዲፍ የምትኖር ግዊኔት የምትባል የቤት ሠራተኛ ሆና ለአንድ ክፍል ታየች። ደራሲው ራስል ቲ ዴቪስ ከዚያ በኋላ የግዌንን ገጸ ባሕርይ እሷን እያሰበ ጻፈላት፤ «ቶርችዉድ» ኦክቶበር 22 ቀን 2006 ጀመረ። በ2008 የ«ዶክተር ሁ» ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነው ዶክተሩ ግዌንን ሲያገኝ ዘሯ ከድሮ የካርዲፍ ቤተሰብ እንደሆነ ይጠይቃታል፤ ሁለቱ ሴቶች ስለሚመሳሰሉ የተጨመረች ጥሩ ንግግር ናት። በ2011 «ቶርችዉድ» ከአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ስታርዝ ጋር ሲሠራም ግዌን የዌልስ አነጋገሯን ይዛ አሜሪካ ገባች። በ2007 ባፍታ ሲምሪ በተባለው የዌልስ የፊልምና የቴሌቪዥን ሽልማት ምርጥ ተዋናይት የሆነችው በዚሁ ሚና ነው።

ሆኖም ከፌይዝ በፊት ትወናን ስለ መተው አስባ እንደነበር ራሷ ተናግራለች። የፌይዝ ድራማ በዌልስኛ በኖቬምበር 2017፣ በእንግሊዝኛ በ2018 መጀመሪያ ላይ ለዌልስ ብቻ ቀረበ። ተመልካቹ በቢቢሲ አይፕሌየር፣ በኢንተርኔት በሚታየው አገልግሎት፣ በሚሊዮን ለሚቆጠር ጊዜ ስላየው በዚያው ዓመት በጋ ለመላው ብሪታንያ ተሰራጨ። ማይልስ ሁለተኛውን የባፍታ ሲምሪ ሽልማት በ2018 ወሰደች። ድራማው በሦስት ምዕራፍ 20 ክፍል ሆኖ አለቀ፤ እሷ የተጫወተችው ግን 40 ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ የፌይዝን እናት ሆና የመጣችው እንግሊዛዊቷ ሲሊያ ኢምሪ ነች፤ እሷም የዌልስኛ ንግግሯን ማጥናት ነበረባት።

ማይልስ በ2023 «ሃይጃክ» በተባለው ድራማ ውስጥ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ሆና ስትቀርብ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፊቷ ያለው ስክሪንና ጆሮዋ ላይ ያለው ማዳመጫ ብቻ ነው። እዚያም የምትሠራው በመስማት ነው።

ሁለቱንም የ«ኢን ቦሬ ሜርኸር» ቅጂ ማግኘት የቻለ ሰው የመጀመሪያውን ክፍል ድምፁን አጥፍቶ አንዱን ትዕይንት ከሁለቱም ይመልከት። ባሏ እንዳልተመለሰ የምታውቅበትን ይምረጥ። አፏን ትቶ ዓይኗን ይከታተል፣ ከዚያ እጆቿን፤ የቱ ቅጂ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ መለየት ይቻል እንደሆነ ያያል።