ትራክቦልን በገዛ እጄ ስገጣጥም

ቀኑን ሙሉ ማውስ ስገፋ የቀኝ እጄ አንጓ መታመም ስለጀመረ፣ እጅ ባለበት አርፎ ኳሱ ብቻ በጣት የሚንከባለልበትን ትራክቦል ለመሞከር ፈለግኩና ያልተገጣጠመውን ገዝቼ ራሴ ልሠራው ወሰንኩ። በጥቅሉ ውስጥ በስሪዲ ፕሪንተር የተሠሩ የፕላስቲክ ክፍሎች፣ ብየዳው ያለቀለት ሰርኪዩት ቦርድ፣ ሦስት ትንንሽ ኩሽኔታዎች ከነዘንጎቻቸው፣ ብሎኖችና ከከረንቡላ ኳስ በጣም የሚያንስ፣ 44 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ያለው ኳስ ነበሩ። ካቻቢቴ ብቻ ስለሚበቃ በአንድ ሰዓት የምጨርሰው መስሎኝ ነበር፤ ሁለት ምሽት ፈጀብኝ።

ኳሱ በሦስቱ ኩሽኔታዎች ላይ የሚያርፈው ድስት በጉልቻ ላይ እንደሚቀመጠው ነው። ሦስት የሆኑበት ምክንያትም ያው ነው፤ አራተኛ ቢጨመር አንዱ ሳይነካ ተንጠልጥሎ ይቀርና ኳሱ ይወዛወዛል። የዘንጎቹ ማስገቢያዎች ትንሽ ጠበው ስላገኘኋቸው በብርጭቆ ወረቀት በጥንቃቄ አሰፋኋቸው፤ በግድ ብገፋቸው ኖሮ ዘንጉ ተዛንፎ ይቀመጥ ነበር። የኳሱን እንቅስቃሴ ከሥር የሚያነበው ፒኤምደብሊው 3360 የተባለ ሴንሰር ሲሆን፣ ከሌንሱ እስከ ኳሱ ድረስ የሚፈልገው ርቀት 2.4 ሚሊሜትር ነው፤ ከዚህ ከ0.2 ሚሊሜትር በላይ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ንባቡ ይበላሻል።

ይህን ቁጥር ቀድሜ ባነበውም ትርጉሙ የገባኝ ከተሳሳትኩ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ገጥሜ ኮምፒውተሩ ላይ ስሰካው ቁልፎቹ ሠሩ፣ ጠቋሚው ግን ንቅንቅ አላለም፤ ፈትቼ ሳየው በሴንሰሩ ላይ የተለጠፈችውን ቢጫ መከላከያ ፕላስተር ሳልልጥ ሌንሱን ገጥሜበት ኖሯል። እሷን አንስቼ ዳግም ስዘጋው ደግሞ፣ እንዳይላላ በማለት ብሎኖቹን ከልክ በላይ ማጥበቄ ሽፋኑን ስላጎበጠው፣ ኳሱ ወደ አንድ ወገን ሲንከባለል ጠቋሚው መዝለል ጀመረ፤ የአንዱ ብሎን ቀዳዳም ጥርሱ ተበላ። ሁሉንም አላልቼ፣ በሰያፍ እያፈራረቅኩ በጣቶቼ ኃይል ብቻ ሳጠብቃቸው ዝላዩ ጠፋ።

ሶፍትዌሩ አላደከመኝም። በቦርዱ ላይ ያለውን ትንሽ ቁልፍ ተጭኜ ዩኤስቢውን ስሰካ እንደ ፍላሽ ዲስክ ብቅ አለ፤ ኪውኤምኬ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር ያዘጋጀሁትን ፋይል ገለበጥኩበትና ራሱ ተነሣ። አንዱን ቁልፍ ይዤ ኳሱን ሳንከባልል ገጹ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲንሸራተት ያደረግኩትም በዚሁ ነው።

ኩሽኔታዎቹ ላይ አቧራና ፀጉር ስለሚጠመጠም በየሁለት ሳምንቱ ኳሱን አውጥቼ እጠርጋቸዋለሁ። ጥርሱ የተበላው ቀዳዳ በክብሪት እንጨት ስንጣሪ ተሞልቶ እስከ ዛሬ ብሎኑን እንደያዘ ነው።