ቀብድ ተቀብሎ የተሠራ ሥራ «ውል የለውም» አይባልም

በባሕር ዳር በግላቸው የሚሠሩ የፎቶ፣ የቪዲዮ፣ የዲዛይንና የትርጉም ባለሙያዎች አብዛኛውን ሥራ የሚይዙት በቃል ነው። ዋጋው በስልክ ይቆረጣል፣ ቀብዱ በቴሌብር ይላካል፣ ሥራውም ይጀመራል። ክርክር የሚነሣው ቀሪው ክፍያ ሲጠየቅ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ከደንበኛው የሚሰማው መልስ «የተፈራረምነው ነገር የለም» የሚል ነው። ብዙ ወጣት ባለሙያዎች ይህን ሰምተው መብት እንደሌላቸው በማመን ገንዘባቸውን ትተው መሄዳቸው በጣም ያሳዝነኛል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1719 እንደሚደነግገው፣ ሕግ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በስተቀር ውል የሚጸናው በተዋዋዮቹ መስማማት ነው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ ውል ግን በጽሑፍ መሆን ስላለበት፣ ለቢሮ ባነር ወይም መጽሔት የሚሠራ ሰው ያለ ደብዳቤ ሥራ መጀመር የለበትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በራሱ የሙያ ኃላፊነት ለሚሠራ ሰው አያገለግልም፤ ስለዚህ መሄጃው የፍትሐ ብሔር ክርክር ነው። በዚያም ግዴታ አለ የሚል ወገን የማስረዳት ሸክም አለበት። እንግዲህ የጎደለን ውል ሳይሆን ማስረጃ ነው።

አንዲት ፎቶ አንሺ የሙያ ጓደኛዬ ጣና ዳር ላለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግራ ፎቶ አንሥታ ነበር። ባለቤቱ ሲያዟት «አንቺማ የኛው ልጅ ነሽ፤ ከአንቺ ጋር ደግሞ ወረቀት ምን ያደርጋል?» ብለዋት ስለነበር፣ እርሷም ታላቋን ላለማስቀየም በቃላቸው ታምና ሄደች። ቀሪውን ስትጠይቅ ግን «ፎቶውን አልወደድነውም» አሏት፤ በዚያው ሳምንት ግን ማለዳ በደንገል ታንኳ ላይ ቆሞ የሚቀዝፈው ሰውዬ ፎቶ ተልቆ ታትሞ በማረፊያው በር ላይ ተሰቅሎ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ቀብድ ዋጋ የሚኖረው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1883 መሠረት የቀብድ መሰጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው፤ ስለዚህ የተላከበት ቀንና መጠን ያለበት የቴሌብር መልእክት በጥንቃቄ መቀመጥ አለበት። ይሁን እንጂ የተለየ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ ከውሉ መውጣት እንደሚችል፣ የተቀበለውም ከውሉ ሲወጣ እጥፉን እንደሚመልስ ቁጥር 1885 ይናገራል። ስለዚህ ቀብድ ስንጠይቅ ቢያንስ የጀልባውን ኪራይና የወጣንበትን ቀን የሚሸፍን ይሁን። ሥራውን ተረክቦ በሩ ላይ የሰቀለ ሰው ግን «ቀብዱን ትቼልሻለሁ» ብሎ መውጣት የሚችል አይመስለኝም።

ቀብዱ ውሉን ቢያስረዳም ጠቅላላው ዋጋ ስንት እንደነበር አይናገርም። ለዚህ ከስልክ ንግግሩ በኋላ «በተነጋገርነው መሠረት ይህን ያህል ፎቶ፣ በዚህ ዋጋ፣ እስከዚህ ቀን አስረክባለሁ» ብሎ በቴሌግራም መላክና «እሺ» የሚል መልስ መቀበል በቂ ጅምር ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤቱን እንዳያጣ አድርጓል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት ጊዜ ስምምነቱ ሁሉ በድምፅ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እንዲህ ባለ ጊዜ አጭር የጽሑፍ መልእክት ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ደንበኛው ቢዘገይ ክስ ከመመሥረት በፊት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይገባል። የገንዘብ ዕዳ ከማስጠንቀቂያው ጀምሮ በዓመት 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ይታሰብበታል። ጓደኛዬም ማስጠንቀቂያውን በሁለት ቅጂ ጽፋ አንዱን ከሰጠቻቸው በኋላ ነው ጉዳዩ ወደ ሽማግሌ የሄደው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የቴሌብሩን መልእክት አንብበው ባለቤቱን የጠየቋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ካልተስማማችሁ ይህን ገንዘብ ለምን ላክህላት?» ባለቤቱ መልስ አልነበራቸውም፤ ግማሹን ያኔውኑ፣ የቀረውን በወሩ ከፈሏት። ወለዱን እርሷ ለሽማግሌዎቹ ስትል ተወችላቸው።