ቀንዱን ተወው፣ አንገቱን እይ

ቴክሳስ ያለው የአክስቴ ልጅ የአደን መሬት ላይ ነው የሚሠራው። ሰሞኑን በቴሌግራም የሚልክልኝ የአጋዘን ፎቶ ብቻ ሆኗል። ዛፍ ላይ የታሰረ ካሜራ ሌሊት ያነሳውን ይልክና «ስንት ዓመቱ ይመስልሃል?» ይለኛል። እኔ ደብረ ሲና ቁጭ ብዬ የአጋዘን ዕድሜ እገምታለሁ። እንጀራ ባይሆንም ደስ ይላል።

የመጀመሪያው ትምህርቱ ቀንዱን ተወው የሚል ነው። የነሱ አጋዘን ቀንዱን በየዓመቱ ይጥላል፤ ከዚያ ለስላሳ ቆዳ ለብሶ እንደ አዲስ ይበቅላል። በደህና መኖ የከረመ ጎረምሳ ግርማ ያለው ቀንድ ያወጣል፤ ድርቅ የመታው ሽማግሌ ደግሞ ያንሰዋል። ስለዚህ የሚታየው ሰውነቱ ነው። ወጣቱ እግረ ረጅም፣ አንገተ ቀጭን ነው፤ ቀንድ የተተከለባት እንስት ይመስላል። አምስት ዓመት ሲያልፈው አንገቱ ከደረቱ ጋር ይገጥማል፣ ሆዱ ወደ ታች ይላል፣ እግሩም ያጠረ ይመስላል። በስሪያ ወቅት ግን የሁሉም አንገት ስለሚያብጥ ያኔ መጠንቀቅ ነው።

ቴክሳስ ብዙ ቦታ ላይ ወጣቱ እስኪያድግ መታገስን በሕግ አስገብተውታል፤ ሕጉ ግን የሚለካው ቀንዱን ነው። ሁለቱም ቀንዱ ቅርንጫፍ ያወጣ ወንድ በቀንዶቹ መካከል ያለው ስፋት 13 ኢንች ካልሞላ አይገደልም። 33 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። አዳኙ ሜትር ይዞ አይጠጋም፤ አጋዘኑ ጆሮዎቹን ቀጥ ሲያደርግ ከጫፍ ጫፍ ያለው ርቀት ያንኑ ያህል ስለሚሆን ቀንዱ ከጆሮው ወጣ ብሎ እንደሆነ ያያል። ብልሃቱን ወደድኩት። እንስቶቹም ይታደናሉ፤ መንጋው ከመኖው በላይ ከበዛ ሁሉም ይከሳል። ይሄኛው ለኛ ሰው ጆሮ ትንሽ ይከብዳል።

የኛ ድኩላ ሌላ ነው። እዚሁ ደብረ ሲና አጠገብ ባለው ወፍ ዋሻ ደን ውስጥ፣ ከዝግባውና ከጽዱ ሥር ይኖራል። መንጋ የለውም፣ ብቻውን ነው፤ ሲመሽ ብቅ ይላል፣ ሲደነግጥ እንደ ውሻ ይጮኻል። ቀንዱ አይወድቅም፤ አንዴ ካወጣ ዕድሜ ልኩን ነው። እንስቷ ጭራሽ የላትም። ወንዱ ዕድሜ ሲጨምር ይጠቁራል፤ የምኒልክ ድኩላ የሚባለው ይሄው ነው። ከጫካ ጥግ ጥቁር ነገር ሽው ካለ አውራው ነው ማለት ነው።

መታገስን ግን አገራችንም ያውቅበታል። የመንዝ ሰው ጓሳ የሚባለውን የሣር ምድር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። አለቃ ይሾማል፣ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲደርስ ይከፈትና ይታጨዳል። ሥርዓቱ የላላው በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው። የሚጠበቀው ሣሩ ነበር፤ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ግን በሱ ጥላ ሥር ተርፈዋል። እንደኔ ከቀንድ ልኬት ይልቅ ይሄ ይበልጣል። ማደሪያው ካልተነካ እንስሳው ራሱ ያረጃል።

ለወፍ ዋሻም አሁን የምመኘው ቆጠራ ነው። ስንት አውራ እንዳለ ሳይታወቅ ስለ ማደን ማውራት ከንቱ ነው። ብቸኛና የሌሊት እንስሳ መቁጠር ደግሞ ያለ ካሜራ አይሆንም። ማሰሩስ ቀላል ነበር። በማግስቱ እዚያው ዛፍ ላይ መገኘቱን ግን እንጃ።