ጠፍጣፋው ቆሮሶ

ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ቆሮሶን ከነጭ ዓሣ፣ ነጭ ዓሣን ከአምባዛ መለየት የቻልኩት ፊደል ሳልቆጥር ነው። ስለዚህ ሳሎን ውስጥ አኳሪየም ላቆም ስነሳ «ለዓሣ ደግሞ እኔን ማን ሊያስተምረኝ ነው?» ብዬ ነበር። ኤንጀልፊሽ ከሚባሉት የጌጥ ዓሦች የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በ6 ቀን ውስጥ አለቁብኝ።

ከመስታወቱ ልጀምር። የኤንጀልፊሽ አካል እንደ ሳህን ጠፍጣፋ ነው። ከላይና ከታች ያሉት ክንፎቹ ሲቆጠሩ ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ዝቅ ያለ ገንዳ አይሆነውም። እኔ ርዝመቱን 80፣ ወርዱን 40፣ ከፍታውን 50 ሳንቲ ሜትር አድርጌ አሠራሁ። መስታወት ቆራጩ «6 ሚሊ ይበቃሃል» ብሎኝ ነበር። አልሰማሁትም፤ 10 ሚሊ አስቆረጥኩ። 150 ሊትር ውሃ ማለት 150 ኪሎ ነው፤ አሸዋውና ድንጋዩ ገና ሳይጨመር። መስታወቶቹን ያጣበቀው ሲልከን አንድ ሳምንት ከደረቀ በኋላ ግቢ አውጥቼ ሞላሁት። በአንዱ ጥግ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ሳሎን ምንጣፍ ላይ ቢሆን ኖሮ እማዬ እኔንም ገንዳውንም አብራ ታስወጣን ነበር።

ጥጉን አስጠግኜ ስጨርስ ጅልነቴ ተጀመረ። ባልዲ ይዤ ወደ ጣና ወረድኩ። ውሃ፣ ጥቁር ድንጋይና ውሃ ውስጥ የሚበቅል ሣር አመጣሁ። በነጻ! በአራተኛው ቀን ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች መስታወቱ ላይ ሲሄዱ አየሁ። እንዲያውም ደስ አለኝ። ነርስ የሆነች ጓደኛችን ቡና ልትጠጣ መጥታ አየችና ስኒዋን አስቀመጠች።

«እጅህን ነው እዚህ ውስጥ የምትከተው?»

የቢልሃርዚያ ትል ሰው ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያድገው ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ከዚያ ወጥቶ ይዋኛል፤ ቆዳ በስቶ ይገባል። በጣና ዳርቻ ደግሞ በሽታው እንግዳ አይደለም። ሄጄ ተመረመርኩ፤ ደግነቱ ነጻ ነኝ። ሣሩንና ቀንድ አውጣውን ፀሐይ ላይ አድርቄ ቀበርኩ፤ ድንጋዮቹን ቀቅዬ መልሼ ተጠቀምኩባቸው። ጥቁር ድንጋይ ችግር የለውም። ነጣ ያለ ድንጋይ ካማራችሁ ግን ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ ኖራ አለበትና ውሃውን ያጠነክረዋል። ኤንጀልፊሽ ለስለስ ያለ፣ ኖራ ያልበዛበት ውሃ ነው የሚወደው።

ቀጣዩ ጥፋቴ የባሰ ነበር። የቧንቧ ውሃ ሞላሁ። ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ቀን አሳደርኩት፤ እዚህ ድረስ ልክ ነኝ። በማግሥቱ ሦስቱን ዓሦች ጨመርኩ። በሦስተኛው ቀን ሽቅብ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ከደን ያደርጋሉ። ስንጥባቸው ቀልቷል። ውሃው ግን ኩልል ያለ ነው።

ገዳዩ በዓይን አይታይም ለካ። የዓሣ ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መርዝ ናቸው፤ ናይትሬት ግን ቀለል ይላል፣ ተክሎችም ይመገቡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ውሃውን በሚያጣራው ፊልተር ስፖንጅ ውስጥ ተራብተው ለሥራ እስኪበቁ ሳምንታት ይፈጃል። ይህን ለእማዬ ሳስረዳ፣ ሳልጨርስ አቋረጠችኝ።

«ታዲያ ያለ እርሾ ሊጥ ይቦካል እንዴ?»

እኔ ግማሽ ሰዓት የለፋሁበትን እሷ በአንድ አፍ ጨረሰችው። አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ ከራሱ ፊልተር ስፖንጅ ቆርጦ፣ እርጥቡን በፌስታል ላከልኝ። እርሾ ማለት ነው። ባዶው ውሃ ላይ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየበተንኩ 5 ሳምንት ጠበቅኩ። ጎረቤት ለየለት ብሎኛል። መለኪያው አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ ሲል ነው ሌላ ዓሣ ያመጣሁት። ስፖንጁንም በቧንቧ ውሃ አላጥበውም፤ ከገንዳው በቀዳሁት ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ብቻ። እማዬስ እርሾዋን ጠርጋ ትደፋለች እንዴ?

ስድስቱን ግልገሎች በፎም ሣጥን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አመጣኋቸው። የዓባይ በረሃ ላይ ሙቀቱ ሲጀምር ሣጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ጋቢ ጣል አደረግኩበት። ደጀን ስንደርስ ዓሣ የያዘውን ሰውዬ የማያውቅ ተሳፋሪ አልነበረም።

ተክሎቹ ቫሊስኔሪያ፣ አኑቢያስና ሰፋፊ ቅጠል ያለው አማዞን ሶርድ ናቸው። መብራቱ በቀን 8 ሰዓት ነው። ከመስኮት ራቅ አድርጉት፤ ፀሐይ ካገኘው አልጌ ይወርሰዋል። የምቆርጠውን ትርፍ ቅጠል አድርቄ ማንጎ ሥር እደፋለሁ እንጂ ወደ ሐይቁ አንዲት ቅጠል አትወጣም። እምቦጭም እንደ ኤንጀልፊሽ የአማዞን ልጅ ነው። በጣና መታየቱ የተነገረው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬም ድረስ ሰው በእጁ እየነቀለው ነው። ዓሣም ቢሰለቻችሁ ለሰው ስጡ።

ምግብ በቀን ሁለቴ፣ በትንሹ። የትንኝ እጭ ሲያገኙ ያብዳሉ። አንዴ ለዚህ ብዬ ግቢ ውስጥ ባልዲ ውሃ ክፍት ትቼ፣ እህቴ «ለዓሣ ብለህ በወባ ልትፈጀን ነው?» ብላ ደፋችው። እውነቷን ነው። ጉፒ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦችም አብሬ ሞክሬ ነበር። ስድስት ገብተው ሁለት አደሩ። ለኤንጀልፊሽ አፉ የሚችለው ሁሉ ምግብ ነው።

ጥር ላይ አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። ውሃው 26 ዲግሪ ነበር። ሂተሩም የአየር ፓምፑም ቆመ። ገንዳውን በሁለት ጋቢ ጠቀለልኩት። ፍል ውሃ የሞላሁባቸውን የፕላስቲክ ጠርሙሶች ውስጡ አንሳፈፍኩ። በየሰዓቱ እየተነሳሁ በጣሳ ውሃ እየቀዳሁ ከላይ መልሼ አንቆረቁራለሁ፣ አየር እንዲያገኙ። ሲነጋ 21 ዲግሪ ነበር። ስድስቱም ታች ተሰብስበው፣ ክንፋቸውን ሰብስበው ቆመዋል። አንድም አልሞተም። በሳምንቱ በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ገዛሁ።

አጎቴ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጣና ላይ መረብ የጣሉ ሰው ናቸው። ኩርሲ ስበው ተቀመጡና ብዙ ዝም አሉ።

«ይሄማ ቆሮሶ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ጠፍጥፈውት ነው እንጂ።»

«ከደቡብ አሜሪካ ነው የመጣው፣ ጋሼ።»

«ከየትም ይምጣ። የጀርባውን እሾህ አታይም? ያ ትልቁ ደግሞ ጥግ ይዞ ሌላውን አያስጠጋም። ቆሮሶም ሊራባ ሲል ቦታውን እንዲህ ነው የሚጠብቅ። ሌሎቹን አውጣለት፤ ይፈጃቸዋል።»

ማታ ፈልጌ አነበብኩ። ኤንጀልፊሽና ቆሮሶ በእርግጥም አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ሲክሊድ ይባላሉ። አራቱን ለጓደኛዬ ሰጠሁ፤ ጥንዶቹ ቀሩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የአማዞን ሶርዱ ቅጠል ላይ በመስመር በመስመር እንቁላል ተደረደረ። በማግሥቱ ራሳቸው በሉት። ሁለተኛውንም በሉት። ተስፋ አልቆረጥኩም፤ አዲስ ወላጆች ላይ የተለመደ ነው። በሦስተኛው ግን እናትና አባት እየተፈራረቁ በክንፋቸው ያራግቡት ጀመር። የነጣውን እንቁላል እየለቀሙ ያወጣሉ። በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ ላይ ጭራ ብቻ ይርገበገብ ነበር።

ጋሼን ደወልኩላቸው። መጥተው አጎንብሰው አዩ። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ እንደምታሳድግ እሳቸው አይተው ነው ያደጉት። አባትየው እዚያ ምንም የለበትም።

«እዚህ አባትየውም ይጠብቃል?»

«አዎ፣ ጋሼ። ያ ነው፣ አሁን ተረኛው።»

«አይ!» አሉና ኩርሲያቸውን ወደ መስታወቱ አስጠጉ።