ከንፈሩ ያልተቀደደ ዓሣ

በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ በዓሣ ሀብት ባለሙያነት ስሠራ ከሕገ ወጥ ማስገር ጋር የተያያዘ ብዙ ነገር አይቻለሁ። ከሁሉም ግን ከጉማራ ወንዝ ገባሮች በአንዱ ላይ ያጋጠመኝ ጉዳይ የምርመራ ሥራችንን አካሄድ ስለ ለወጠው፣ በተመሳሳይ ሥራ ላይ ላሉ ባልደረቦች ይጠቅም ይሆናል ብዬ ጽፌዋለሁ።

አስቀድሞ ስለ ነጭ ዓሣ ጠባይ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ጣና ከታችኛው ዓባይ 40 ሜትር ያህል በሚወርደው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ተነጥሎ የኖረ ሐይቅ በመሆኑ፣ እኛ በጅምላ ነጭ ዓሣ የምንላቸው 15 ያህል ዝርያዎች እዚያው ተለያይተው የተገኙ ናቸው፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ የላቸውም። ከእነዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በግልገል ዓባይና በሌሎችም ወንዞች ሽቅብ ይጓዛሉ። መጀመሪያ ወንዙ ከሐይቁ በሚገናኝበት አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ቀጥሎ ደፍራሹን ዋና ወንዝ ይዘው ይወጡና ጠጠር ወዳለባቸው፣ ውኃቸው ወደ ጠራ ትናንሽ ገባሮች ገብተው ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ቀረሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) በሐይቁ ዳር ሣር ውስጥ ስለሚራባ ይህን ያህል አይጋለጥም። ነጭ ዓሣ ግን ዓመቱን ሙሉ በሰፊው ሐይቅ ተበትኖ ከርሞ፣ ዘሩን ሊተካ ሲል ብቻ አንድ ሰው በመረብ ሊዘጋው በሚችል ጠባብ በር ያልፋል።

በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና ከገቡ ወዲህ ይህ በር እየጠበበ መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ውስጥ የነጭ ዓሣ ምርት በክብደት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱ በጥናት ተረጋግጧል። የገበያውም ነገር አለ፦ የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ሲሆን፣ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ ፈላጊው የሚበዛው ያን ጊዜ ነው፤ ዓሣውም ዕንቁላል ተሸክሞ በወንዙ አፍ የሚቆመው ያን ጊዜ ነው። ይህ መገጣጠም ከየትኛውም ሕገ ወጥ አስጋሪ በላይ እንደጎዳን አምናለሁ።

መስቀል አልፎ ዝናቡ ሲቀንስና ገባሮቹ ወደ ኩሬነት ሲለወጡ ደግሞ ብርብራ ይመጣል። የብርብራን ዛፍ ለጥላና ለማገዶ የማያውቅ የአገራችን ገበሬ የለም። ፍሬው ደርቆ ሲወቀጥና ዱቄቱ በውኃ ላይ ሲበተን ግን፣ በውስጡ ያለው ሮቴኖን የተባለ መርዝ የዓሣው አካል አየርን እንዳይጠቀም ስለሚያግድ፣ ዓሣው ውኃው አየር ሳያጣ ታፍኖ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። መርዙ እናትና ጫጩት አይለይም። በዚህ ላይ ውኃው እየወረደ ዱቄቱን ስለሚጠርገው፣ ባለሥልጣን ከሥፍራው እስኪደርስ ድረስ ወንዙ ምንም እንዳልነካው ጠርቶ ይቆያል።

በመስከረም መጨረሻ አንድ ማለዳ ከዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር አባላት አንዱ ስልክ ደወለልኝና «ገባሩ ላይ ዓሣ ነጭ ሆዱን ሰጥቶ ተንሳፍፏል፤ ሁለት ልጆች ይዘናል፤ ቶሎ ካልደረስክ ግን ጎረምሶቹ ምን እንደሚያደርጓቸው አላውቅም» አለኝ። በሞተር ሳይክል ሄድኩ። በኩሬው ዳር ሴቶችና ሕፃናት ዓሣ በቅርጫት ይለቅማሉ፤ በጠጠሩ መካከል ጣት የማያህሉ ጫጩቶች ደርቀው ተጣብቀዋል። ከፍ ብሎ ባለው ጥርጊያ መንገድ ላይ ደግሞ በመንጠቆ የሚያሰግሩት የማኅበሩ ወጣቶች ሁለት ጎረምሶችን የፊጥኝ አስረው፣ አንድ ሙሉ ማዳበሪያ ዓሣ አጠገባቸው አስቀምጠው ይጨቃጨቃሉ።

ጭቅጭቁን ቆሜ ሰማሁት። አንደኛው «ወንዛችንን የገደለ እጁ ይሰበር» ይላል፤ ሌላው ለፖሊስ ቢሰጡ በማግስቱ ተለቀው ሲስቁብን እናያለን ይላል፤ ሦስተኛው ከታሳሪዎቹ የአንዱ አጎት መሆኑ በኋላ የታወቀው ሰው ዝም ብሏል። በመካከል ሁሉም አያ እያሉ የሚያከብሯቸው፣ ጸጉራቸው የሸበተ የመንጠቆ አስጋሪ ደረሱ። «ገመዱን ፍቱት» አሉ። «ዛሬ የፊጥኝ ያሰራችሁት ልጅ ነገ ጠመንጃ ይዞ ይፈልጋችኋል። ደም ገብቶ ወንዝ ሲጠበቅ አይተን አናውቅም።» ወጣቶቹ እያጉረመረሙ ፈቱ።

ሳጅኑ ሲደርሱ ታሳሪዎቹ ያዘጋጁትን መልስ ሰጡ፦ ዓሣውን በመንጠቆ ነው ያሰገርነው፤ ስለ ብርብራ የምናውቀው ነገር የለም። ሳጅኑ ወደ እኔ ዞሩና «ዱቄቱን ሲበትኑ ያየ ምስክር አለ?» ሲሉ ጠየቁ። አልነበረም። ያለ ምስክር የሚሄድ መዝገብ ምን እንደሚገጥመው ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ ከዚያ በፊት የተያዙ ተመሳሳይ ጉዳዮች ዓሣው እስከ ቀትር ድረስ በስብሶ ከተጣለ በኋላ ማስረጃ የላቸውም ተብለው ተዘግተዋል። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ የክልሉም አዋጅ አለ፤ በመርዝ ማስገር ክልክል መሆኑንም ታሳሪዎቹ ራሳቸው አልካዱም። የጎደለው ሕግ ሳይሆን በኩሬው ዳር የሆነውን ዳኛ ፊት የሚያደርስ ነገር ነበር።

ያን የሚያደርስ ነገር የያዙት አዛውንቱ ሆነው ተገኙ። ማዳበሪያውን በሣሩ ላይ ገለበጡና ተንበረከኩ። አንዷን ትልቅ ዓሣ አንስተው አፏን በአውራ ጣታቸው ከፈቱና «ልጄ፣ ና ቅረብና እይ» አሉኝ። «መንጠቆ ከበላች ከንፈሯ ይቀደዳል፤ ያውም ስትታገል ቀዳዳው ይሰፋል። ይኸው፣ ደህና ነው።» ቀጥለው የመተንፈሻዋን ክዳን ገልጠው ከጀርባው ያለውን ቆዳ አሳዩኝ። መረብ የያዘው ዓሣ ከዚያ ላይ ክሩ የጣለበት ቀለበት የመሰለ መስመር አለበት፤ ቅርፊቱም በዙሪያው ይላጣል። እዚህ ቅርፊቱ አንድ ሳይጎድል ያብረቀርቃል። ሆዷን ጫን ሲያደርጉት የዕንቁላሉ ፍሬ በጣታቸው መካከል ፈሰሰ። «ለመውለድ የወጣች እናት ትል አያምራትም» አሉ። በመጨረሻ ከኪሳቸው ከማኅበሩ መንጠቆዎች ሁሉ ትንሹን አውጥተው፣ ከሕፃናቱ ቅርጫት ካነሱት አንድ ጫጩት አፍ ጎን አስቀመጡት። መንጠቆው ከጫጩቱ ጭንቅላት ይበልጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእኔ ነበር። እያንዳንዱ ዓሣ አፉ ተከፍቶ፣ ከጎኑ ማስመሪያ ተደርጎ በስልክ ፎቶ ተነሣ። ማዳበሪያው ውስጥ የነበረው 43 ዓሣ ሲሆን ከንፈሩ የተቀደደ ወይም የመረብ መስመር ያለበት አንድም አልተገኘም። ከኩሬው ጥቂት ራቅ ብሎ ባለ አለት ጉድጓድ ውስጥ የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ ቅሪት አግኝተን በወረቀት አሸግነው። ሁሉም በቃለ ጉባኤ ተጻፈ፤ አዛውንቱ፣ ሌሎች ሁለት አስጋሪዎችና የቀበሌው ተወካይ ፈረሙበት። ሳጅኑ ትዕግሥታቸው የሚያስመሰግን ነበር፤ የዓሣ ከንፈር በመዝገብ ሲሰፍር በሥራ ዘመናቸው የመጀመሪያቸው እንደሆነ እየሳቁ ነገሩኝ።

ዐቃቤ ሕጉ መጀመሪያ መዝገቡን ሊመልሰው ነበር፤ መርዙን ማን እንደጨመረ አይታይም በማለት። ነገር ግን ታሳሪዎቹ በመንጠቆ አሰገርን ብለው የሰጡት ቃል ከፎቶዎቹ ጋር ሲተያይ መቆም ስላልቻለ፣ ሁለቱም በኋላ አምነው በገንዘብ ተቀጥተዋል። ቅጣቱ ትልቅ አልነበረም። ሆኖም በወረዳው ውስጥ ስለ ብርብራ የቀረበ ክስ እስከ ውሳኔ ሲደርስ በማየታቸው የማኅበሩ ወጣቶች ዱላውን ለጊዜው አስቀመጡ፤ እኔ ከቅጣቱ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

አስጋሪዎቹ በዚህ አልቆሙም። ገባሮቹን በየተራ በሌሊት መጠበቅ ጀመሩ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ያልጠበቅሁት ወደ ገበያው መሄዳቸው ነበር። በወረታና በባሕር ዳር ዓሣ ለሚረከቡ ነጋዴዎች፣ ነጭ ዓሣ ስትገዙ አፉን ክፈቱ እያሉ አስተማሩ። ከነጋዴዎቹ የሰሙት ጥቂቶች ናቸው። የሰሙትም ዘር ለማትረፍ ብቻ ሳይሆን፣ በመርዝ የሞተ ዓሣ እንደሚሸጡ ደንበኛ እንዳያውቅባቸው በመፍራት ነው፤ ፍርሃትም ቢሆን ሠርቷል።

በሚቀጥለው ዓመት ሌላው ወገንም ትምህርቱን ተማረ። ከንፈሩ የተቀደደ፣ ግን አንድ ማዳበሪያ የሚሞላ ዓሣ አንድ ነጋዴ ዘንድ ቀረበ፤ ነጋዴው ተጠራጥሮ ማኅበሩን አስጠራ። አዛውንቱ አፉን ከፍተው አዩና «ይህ በሽቦ የተቀደደ ነው» አሉ። እንዴት አወቁ ሲባሉ፣ በሕይወት እያለ የተቀደደ ሥጋ ደም ቋጥሮ እንደሚጠቁር፣ ከሞተ በኋላ የተቀደደው ግን እንደ ተቆረጠ ጎማ ነጭ ሆኖ እንደሚቀር አሳዩን። እንግዲህ ይህንንም በምርመራ ቅጻችን ላይ ጨመርነው። አሁን ቅጹ ስለ ከንፈር፣ ስለ መረብ መስመር፣ ስለ ቁስሉ ቀለምና ስለ ዕንቁላል የሚጠይቁ ዓምዶች አሉት፤ ሁሉም የተወሰዱት ወንዝ ዳር ካደጉ ሰዎች አፍ ነው።

የሚከብደው ክፍል ማኅበሩ ራሱ ውስጥ ያለው ነው። አባላቱ ሁሉ መንጠቆ ጣዮች አይደሉም፤ በመረብ የሚያሰግሩትም አሉ፤ ከእነዚህ መካከል ብርብራን አብረው የሚያወግዙ፣ ነገር ግን በፍልሰታ መረባቸውን ከጉማራ አፍ የማያነሱ አሉ። ሐምሌ ላይ በተደረገ ስብሰባ ይህን ጉዳይ ያነሣሁት እኔ አልነበርኩም። አንድ ወጣት መንጠቆ አስጋሪ ተነሥቶ «በብርብራ የሞተው የአንድ ኩሬ ዓሣ ነው፤ በሩ ላይ የሚቆመው መረብ ግን የሁሉንም ኩሬ ዓሣ ይይዛል፤ እኛ ሌሊት የምንጠብቀው ታዲያ ለማን ነው?» ሲል ጠየቀ። ቤቱ ተናወጠ። ከመረብ ጣዮቹ አንዱ፣ በዚያች ሁለት ሳምንት የሚያገኘው ገንዘብ የልጆቹን የትምህርት ዓመት እንደሚከፍት በምሬት ተናገረ። ውሸት አልነበረም፤ ማንም አልተከራከረውም።

አዛውንቱ ሲጠየቁ የሰጡት ሐሳብ መረቡ እንዲቀር ሳይሆን እንዲርቅ ነበር፦ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ከወንዙ አፍ ግራና ቀኝ በሸንበቆ ምልክት ተተክሎ፣ መረብ ከምልክቱ ወዲያ በሐይቁ ውስጥ ብቻ እንዲጣል። መንጠቆ ጣዮቹም በዚያ ጊዜ በአፉ ላይ እንዳያሰግሩ ራሳቸው ጨመሩበት። ከመረብ ጣዮቹ ግማሽ ያህሉ ፈረሙ። የቀሩት የማዶው ቀበሌ አስጋሪዎች ካልፈረሙ አንፈርምም፣ እኛ ያነሣንበትን ቦታ እነርሱ ይይዙታል አሉ። ሥጋታቸው ትክክል በመሆኑ ለማዶው ቀበሌ ደብዳቤ ጽፈናል፤ ሸንበቆው ግን መልሱን ሳይጠብቅ በዚህኛው ዳር ተተክሏል።