ጣና ዳር ርኅራኄን አብሮ መለማመድ፦ እስካሁን የደረስንበት

ሰላም ወገኖች። ስለ እሁዱ ልምምዳችን የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ ረዘም አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። ባሕር ዳር ነው ያለሁት። አሥር አካባቢ የምንሆን ሰዎች እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር ዋርካ ሥር ተሰብስበን የቡድሂስቶችን የርኅራኄ ልምምድ እንሠራለን። ከጀመርን ዓመት አልፎናል። አንዳንዱ ነገር በጣም ሠርቶልናል፣ አንዳንዱ ገና ነው።

መጀመሪያ ሁሉም የሚጠይቀውን ልመልስ። ሃይማኖት አልቀየርንም። ከመካከላችን አስቀድሶ የሚመጣ አለ፣ ዙህር ሰግዳ የምትመጣ አለች። ልምምዱ ከቡድሂዝም መምጣቱን ግን አንደብቅም። የሰው ነገር ወስዶ ምንጩን መደበቅ ነውር ነው። አንዲት እህታችን የንስሐ አባቷን ጠይቃ "ቢቀርብሽ ይሻላል" ስላሏት ቀርታለች። አከበርንላት። ቡናው አልተቋረጠም፣ አሁንም ቤቷ እንሄዳለን።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም ወዲህ እዚህ ክልል ስላለው ኑሮ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። መንገድ ይዘጋል፣ ኢንተርኔት ይጠፋል፣ ስልክ ሲጮኽ ሆድ ይባባል። ከገጠር ዘመድ ይመጣል፣ የሚመጣው ግን ለጥየቃ ሳይሆን ሸሽቶ ነው። እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። አንድ አባት የልጁን ማዘዣ ይሰጠኛል። ዋጋውን እነግረዋለሁ። ወረቀቱን በነበረበት እጥፋት መልሶ ያጥፈዋል፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ደረት ኪሱ ውስጥ ይከተውና "እሺ፣ እመለሳለሁ" ይላል። እንደማይመለስ ሁለታችንም እናውቃለን። እንዲህ ያለው ነገር በየቀኑ ሲደጋገም ሰው ከሁለት አንዱን ይሆናል፦ ወይ ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቶ ሲገላበጥ ያድራል፣ ወይ ይደነዝዝና "ቀጥሎ!" ማለት ይጀምራል። እኔ ሁለቱንም ሆኛለሁ። ልምምዱ ውስጥ የገባሁት ሦስተኛ መንገድ ካለ ብዬ ነው።

ያስጀመረችን ሕንድ አገር ማስተርሷን ስትማር ማሰላሰል የለመደች መምህርት ናት። ቡድሃ ያስተማራቸው አራት የልብ ልምምዶች አሉ። ሜታ ለሰው ደህንነትን መመኘት ነው። ካሩና ደግሞ ርኅራኄ፣ የሰው ስቃይ እንዲቀልለት መሻት ነው። ሙዲታ በሰው ደስታ መደሰት፣ ኡፔካ ሚዛንን ሳይስቱ መቀመጥ ነው። እኛ ለረጅም ጊዜ በሁለቱ መጀመሪያዎች ላይ ብቻ ነው የቆየነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰሌን ላይ እንቀመጣለን፣ የከበደው ዱካ ይዞ ይመጣል። ትንሽ ትንፋሻችንን እናያለን። ከዚያ በልባችን "ደህና ልሁን፣ ከጉዳት ልጠበቅ፣ ልቤ ይረፍ" እንላለን። ቀጥሎ ለምንወደው ሰው፣ ቀጥሎ ለማንወደውም ለማንጠላውም ሰው፣ በመጨረሻ ለሚከብደን ሰው እንዲሁ እንመኛለን። በ5ኛው ክፍለ ዘመን ስሪላንካ የጻፈው መነኩሴ ቡድሃጎሳ ያስቀመጠው ቅደም ተከተል በግርድፉ ይህ ነው።

ገና ከመነሻው "ለራሴ" የሚለው ላይ ሁላችንም ተያዝን። ሰው እየሞተ እኔ ለራሴ ደህና ልሁን? ጀልባ ነጂው ጋሼ "ይኼማ ነውር ነው" ብለው ዝም ብለው ተቀመጡ። መምህርቷ የቡድሃጎሳን ምክንያት ነገረችን፦ ከራስ የሚጀመረው ራስ ስለሚበልጥ አይደለም፣ እኔ ደህና መሆን እንደምፈልግ ካላወቅሁ ሌላው ምን ያህል እንደሚፈልገው በምን አውቃለሁ? መለኪያው እኔ ነኝ ማለት ነው። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ በኋላ እሳቸው ናቸው ለአዲስ ሰው የሚያስረዱት።

ለርኅራኄ ሲሆን ግን ከራስ አይጀመርም። በዓይን በሚታይ ችግረኛ ሰው ነው የሚጀመረው። እኔ ወረቀት የሚያጥፈውን አባት ይዤ ነበር የምቀመጠው። "ከዚህ ስቃይ ተገላገል፣ ከስቃዩም ምክንያት።" መጀመሪያ ላይ ያስለቅሰኝ ነበር፣ ከዛፉ ሥር ስነሳም ከመጣሁት ይልቅ ደክሜ እነሳ ነበር። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚያቆመው፣ ስለዚህ ቆም ብዬ ላስረዳ።

ቡድሃጎሳ ርኅራኄ ሁለት ጠላት አለው ይላል። የሩቁ ጠላት ጭካኔ ነው፣ ማንም ያውቀዋል። የቅርቡ ጠላት ግን ሐዘን ነው። ርኅራኄ ይመስላል፣ አንጀት ይበላል፣ ግን ሰውየውን ትቶ ወደ ራስ ይዞራል። አባትየው ወረቀቱን ይዞ ከሄደ በኋላ እኔ ስለ እኔ ነው የማለቅሰው፣ ማየት ስለከበደኝ። ጀርመናዊቷ የአንጎል ተመራማሪ ታኒያ ዚንገር ከፈረንሳዊው መነኩሴ ማቲዩ ሪካር ጋር የሠራችው ሥራም ይህንኑ ያሳያል። መነኩሴው ኤምአርአይ በሚባለው የአንጎል ምስል ማንሻ ማሽን ውስጥ ሆኖ የሰዎችን ስቃይ ብቻ እንዲጋራ ሲደረግ ቶሎ ደከመው። ወደ ርኅራኄ፣ ማለትም ወደ መልካም ምኞቱና ወደ ሙቀቱ እንዲዞር ሲደረግ ግን በረታ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሰዎችን አሠልጥነው ሲያዩም ስቃይ መጋራት ብቻውን መንፈስን እንደሚያወርድ፣ የርኅራኄ ልምምድ ደግሞ መልሶ እንደሚያነሳ አገኙ። ይህን ስሰማ አንድ ትልቅ ነገር ከላዬ ወረደ። ደካማ ሆኜ ሳይሆን ልምምዱን ግማሽ ላይ እየተውኩት ነበር የምደክመው።

ስለዚህ አሁን ስቃዩን ካየሁ በኋላ ምኞቱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እቆያለሁ። ልጁ ሲሻለው፣ አባቱ ተዝናንቶ ሲቀመጥ አስባለሁ። ሥራ ቦታም ለውጡ ታይቶኛል። ወረቀቱን ማጠፍ ሲጀምር ቀና ብዬ አየዋለሁ። "ቆይ፣ ሌላ ኩባንያ የሠራው ርካሽ አለ ወይ ልይልህ" እላለሁ፣ ከሌለ ለሐኪሙ ደውዬ ሌላ አማራጭ እጠይቃለሁ። አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ አይገኝም። ባይገኝም ሰውየው ሲሄድ ተያይተን ነው የምንለያየው።

ቡድኑን በጣም የነካው ግን የኪሳ ጎታሚ ታሪክ ነው። ልጇ የሞተባት እናት ናት። ሬሳውን ታቅፋ መድኃኒት ስጡኝ እያለች ትዞራለች። ቡድሃ ዘንድ ስትደርስ "ሰው ሞቶበት ከማያውቅ ቤት ሰናፍጭ አምጪልኝ" ይላታል። በየቤቱ ታንኳኳለች። ሰናፍጩ በሁሉም ቤት አለ፣ ሰው ያልሞተበት ቤት ግን የለም። መምህርቷ ተናግራ ስትጨርስ ማንም ቃል አልወጣውም። ከዚያ በቡድናችን ካሉት ተፈናቃዮች አንዷ፣ እናቴን የምታህል እትዬ፣ "እኔ እንኳ የእሷን ያህል አልዞርኩም፣ ቤቴ ተዘግቼ ነው የቆየሁት" አሉ። ስለ ልጃቸው ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያወሩት።

ይህን ታሪክ ብዙዎች "ሞት የማይቀር ነው" ለማለት ይነግሩታል። እኔ ሌላ ነገር ነው የማየው። ቡድሃ ይህንኑ ቁጭ አድርጎ ሊነግራት ይችል ነበር። እሱ ግን በር እንድታንኳኳ ነው የላካት። በየደጁ አንድ ሰው ወጥቶ የራሱን ሞት ነግሯታል። እኛ አገር ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን የምንቀመጠው፣ ዕድር ድንኳን የሚተክለው ለምን ሆነና? ጦርነቱ የወሰደብን አንዱ ነገር ይህ ነው። መንገድ ተዘግቶ ቀብር ላይ ያልደረሰ፣ በስልክ ተረድቶ ብቻውን ያለቀሰ ስንት ሰው አለ። ስለዚህ አብሮ መለማመድ ለኛ ትርፍ ነገር አይደለም። ብቻዬን ቤቴ ስቀመጥ ሐዘኑ ይበላኛል፣ ከሰው ጋር ስቀመጥ ግን ምኞቱ ይበረታል።

የማንወደውና የማንጠላው ሰው ልምምድ ቀላል ነበር። ከዘጌ በኩል በደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ የሚመጣ አንድ ሰው መረጥን፣ ከተቀመጥንበት ይታያል። ሳምንት ሳምንት ደህንነቱን ስንመኝለት ቆየን። አንድ እሁድ ሳይመጣ ቀረና ሁላችንም ተጨነቅን። ጋሼ ወርደው ጠየቁ፣ ለካ ታንኳው አርጅቶ አዲስ እያሠራ ኖሯል።

የከበደው የመጨረሻው ነው። እዚህ ሰዓት እዚህ አገር "ለሚጎዳህ ሰው ደህንነት ተመኝ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በቡድናችን አንድ ሕግ አለ፦ ወገን አይጠራም። ማን ገደለ፣ ማን አዘዘ አይባልም፣ ሁሉም የየራሱን ሰው በልቡ ይዞ ይቀመጣል። አንድ ወጣት ይህን ክፍል አልሠራም ብሎ ተነስቶ ውሃው ዳር ይቆማል፣ ሲያልቅ ይመለሳል። ማንም አይጫነውም። እትዬ ደግሞ እንዲህ አሉ፦ "ደህና ሁን አልለውም። ግን ዳግመኛ ሰው እንዳይገድል እመኝለታለሁ፣ እንዲገድል ያደረገው ነገር ከውስጡ ይውጣለት።" መምህርቷ እንባዋ መጣ። ካሩና ከስቃዩ ምክንያት ጭምር መገላገልን መመኘት ነው፣ ጥላቻም ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። እትዬ መጽሐፍ ሳያዩ ደረሱበት። ይህ ፍትሕን መተው አይደለም። አጥፊ ይጠየቅ ማለትና አጥፊው ከክፋቱ ይገላገል ማለት አብረው ይሄዳሉ፣ ቢያንስ እኔ ሳስበው አይጋጩብኝም።

ይህ የሚቻል መሆኑን ስጠራጠር የካምቦዲያውን መነኩሴ ማሃ ጎሳናንዳን አስባለሁ። ክመር ሩዥ የሚባሉት ኮሚኒስቶች አገሪቱን በገዙበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1979፣ ቤተሰቡ ሁሉ ማለት ይቻላል አልቋል። ታይላንድ ድንበር ላይ ባለ የስደተኞች ካምፕ ሕዝቡን ሰብስቦ "ጥላቻ በጥላቻ አይበርድም" የሚለውን የቡድሃን ቃል አብረው እንዲያዜሙ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ስደተኞችንና መነኮሳትን ይዞ ከድንበሩ እስከ ዋና ከተማዋ ፕኖም ፔን በእግር የሰላም ጉዞ መራ። ጦርነቱ ገና ሙሉ በሙሉ አላበቃም ነበር። የተጎዱት ራሳቸው ናቸው የተራመዱት።

ቶንግለን የሚባለውንም ሞክረነዋል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ቲቤት ከተሻገረው ከመምህር አቲሻ የመጣ ነው። ትንፋሽ ስታስገቡ የሌላውን ስቃይ ትቀበላላችሁ፣ ስታስወጡ እፎይታ ትሰጣላችሁ። ሐዘኑ ትኩስ ለሆነ ሰው አልመክርም። ከመካከላችን ሁለቱን ደረታቸውን አፍኗቸው አቁመናል፣ ወደ ሜታ ተመለሱ።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመርን። ስንጨርስ ሣጥን ይዞራል፣ ያለው ያለውን ይጥላል። በዚያ ገንዘብ ከማዘዣዎቹ ጥቂቶቹን እሸፍናለሁ። ማን እንደከፈለ አይነገርም።

አሁን ሙዲታ ላይ ነን። በሰው ደስታ መደሰት በዚህ ጊዜ ይከብዳል፣ ሰርግ ሲደገስ እንኳ "በዚህ ጊዜ?" ተብሎ ይታማል። የቤት ሥራችን እያንዳንዳችን የሌላ ሰው አንድ ደስታ ይዘን መምጣት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ባዶ እጁን የሚመጣው ይበዛ ነበር። ጋሼ የጎረቤታቸው ልጅ የ12ኛ ክፍል ፈተና ማለፏን ሲነግሩን ግን የራሳቸው ልጅ ያለፈች ነበር የሚመስሉት።

ክረምት እየገባ ስለሆነ ዋርካው ሥር መቀመጥ አይቻልም። የመምህርቷ ሳሎን ሁላችንንም ስለማይዝ ለሁለት ልንከፈል ነው፣ ሁለተኛውን ቡድን እንድመራ ተጠይቄያለሁ። እትዬ እኔ ጋ፣ ወጣቱ ደግሞ መምህርቷ ጋ ይሆናሉ። ቡድን ከፍላችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ በተለይ ሐዘንተኛ ያለበትን፣ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ።