ከተሰረቀ ሰዓት የተጠየቀ ሰዓት

የምኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህርትና የሁለት ልጆች እናት ስሆን፣ አጫጭር ልቦለዶችን እጽፋለሁ፤ በሳምንት ሦስት ቀንም እሮጣለሁ። ሰዎች ይህን ሲሰሙ «ጊዜው እንዴት ይበቃሻል?» ይሉኛል። ጊዜው አሁንም አይበቃኝም። የተለወጠው ጊዜውን የማገኝበት መንገድ ነው፤ ይህንንም ለመማር ስድስት ዓመት ያህል ፈጅቶብኛል።

የሩጫ ፍቅሬ የጀመረው በመስከረም 1993 ዓ.ም. በጎረቤት ቴሌቪዥን ፊት ነው። የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። በሲድኒ ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ቀድሞ ሲገባ ሰፈሩ በእልልታ ተናወጠ። እኔ ግን ከዚያ ይበልጥ የማስታውሰው ከቀናት በኋላ የተካሄደውን የሴቶቹን ውድድር ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በዚሁ ርቀት ወርቅ ካገኘች በኋላ ልጅ ወልዳ ተመልሳ ነበር፤ በሲድኒም ዳግመኛ አሸነፈች። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች «ወልዳ እኮ ነው የመጣችው» ያለችበት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። በ2002 ዓ.ም. ደራርቱ የኒው ዮርክ ማራቶንን በ37 ዓመቷ ስታሸንፍ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ዛሬ እኔም 37 ዓመቴ ነው። አትሌት አይደለሁም፤ በየዓመቱ በታላቁ ሩጫ ካኔቴራውን ለብሰው መስቀል አደባባይ ከሚሰለፉት ብዙ ሺህ ሰዎች አንዷ ነኝ። ሆኖም እናትነት የሰውን ሌላ ፍቅር እንደማይዘጋ ገና በልጅነቴ ያሳየችኝ እርሷ ናት፤ እርሷ በምትሮጥበት ሰዓት ቤቱን ማን እንደያዘላት መጠየቅ ግን ያን ጊዜ አልመጣልኝም።

ሁለተኛ ልጄ የተወለደችው በ2012 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ በመዛወሩ የምንሮጥበት ሜዳ የሽንኩርትና የቲማቲም መጫኛ ሆነ። ሦስት ዓመት ያልሞላው ወንድ ልጅ፣ አራስ ሴት ልጅ፣ ባለቤቴና የባለቤቴ እናት በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነበርን። ሰዓት መስረቅ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። ሌሊት ሁሉም ሲተኛ በጋቢ ተሸፍኜ በስልኬ ላይ እጽፍ ነበር፤ ባለቤቴ ከነቃ «የተማሪዎች ውጤት እየሞላሁ ነው» እለዋለሁ። ትምህርት ተከፍቶ ኑሮ ወደ ቦታው ከተመለሰም በኋላ ልማዱ አልለቀቀኝም። ቅዳሜ «ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብዬ ወጥቼ፣ ቱታዬን በዘንቢል ይዤ ጎረቤት ቤት እቀይርና ሶምሶማ ሮጬ፣ ሁለት ኪሎ ድንች ገዝቼ እመለስ ነበር። ማንንም አልበደልኩም ብዬ አምን ነበር፤ ምግቡ ይበስላል፣ ልጆቹ ይታጠባሉ፣ ፈተናው ይታረማል።

በዚያ ዘመን የጻፍኳቸውን ገጾች ዛሬ ሳነብ ግን የተሰረቁ መሆናቸው ያስታውቃል። ዓረፍተ ነገሮቹ ቁርጥራጭ ናቸው፤ ገጸ ባሕርያቱ ገና ሳይቀመጡ ተነሥተው ይሄዳሉ፤ አንድም ሰው ረጋ ብሎ ቡና የጠጣበት ትዕይንት የለም። የተሰረቀ ሰዓት ግማሹ የሚያልቀው ኮቴ በማዳመጥ ነውና ለጽሑፉ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሩጫውም እንደዚያው ነበር፤ አካሌ መንገድ ላይ እያለ ልቤ የምናገረውን ሰበብ ያዘጋጅ ነበር።

ይህ ሁሉ የቆመው በአንድ የጫማ እግር ነው። በ2016 ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ ጫማዬን ሳነሣ አንዱ እግር ብቻ አለ። አልጋ ሥር፣ ከበሩ ጀርባ፣ የልብስ ቅርጫት ውስጥ ፈለግሁ። ሩብ ሰዓት ሙሉ ከፈለግሁ በኋላ ወጥ ቤት ገብቼ የሊጡን ቡሃቃ ገፋ ሳደርግ፣ ጫማው በቡሃቃውና በግድግዳው መካከል፣ ክሩ በጥንቃቄ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። ስዞር የአራት ዓመት ልጄ በባዶ እግሯ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ልቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር። እርሷ ግን ሳትፈራ «እማዬ፣ አንድ ብቻ ከሆነ አትሄጂም ብዬ ነው» አለችኝ። እኔ ስወጣ ሁሉም ተኝቶ የሚቀር ሲመስለኝ፣ እርሷ የበሩን ድምፅ እየሰማች ስንት ሌሊት እንደነቃች እግዚአብሔር ይወቅ። ያን ቀን ሳልሮጥ ቀረሁ፤ አቅፌያት ምድጃው አጠገብ ተቀመጥኩ።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ዘንቢሉም፣ ስለ ሌሊቱ ጽሑፍም። ዝም ብሎ ሲሰማኝ ቆይቶ «መሮጥሽንም መጻፍሽንም አውቃለሁ። የከፋኝ የወሰድሽው ሰዓት አይደለም፣ የደበቅሽኝ ነው። ጠይቀሽኝ መቼ ከለከልኩሽ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም። የምወደውን ነገር መጠየቅ እንደ ልመና፣ ፈቃድ ማግኘትም እንደ ውለታ ይታየኝ ነበር። ብዙ ሴቶች ይህን ስሜት የሚያውቁት ይመስለኛል።

በማግስቱ ወረቀት አውጥተን ሳምንቱን ከፋፈልን። ማክሰኞና ሐሙስ ከንጋቱ 11 እስከ 12 ሰዓት እሮጣለሁ፤ ከ12 ሰዓት ጀምሮ 40 ደቂቃ እጽፋለሁ። በእነዚህ ሁለት ቀናት ልጆቹን ቀስቅሶ፣ ምሳ ዕቃቸውን ቋጥሮ፣ ለሰርቪስ የሚያደርሳቸው እርሱ ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋቱ ሙሉ በሙሉ የልጆቹ ስለሆነ ደብተሬን አልነካም። ቅዳሜ ነግቶ እንጦጦ እወጣለሁ፤ ከሰዓት በኋላም ሁለት ሰዓት እጽፋለሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን ከመጣን በኋላ ከሰዓት በኋላው የባለቤቴ ነው፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ነውና ጨዋታ ሲኖር ከጓደኞቹ ጋር ይሄዳል፣ እኔም ለምን አመሸህ ብዬ አልጠይቅም። ስምምነቱ የጸናው እርሱም የራሱ ድርሻ ስላለው ነው። በወረቀቱ መሠረት ለጽሑፍ ያለኝ በሳምንት ከሦስት ሰዓት ተኩል የማይበልጥ ቢሆንም፣ በስርቆቱ ዘመን ከነበረኝ የበለጠ ገጽ የወጣው በዚህ ነው።

ሩጫውና ጽሑፉ እርስ በርስ እንዲረዳዱ ያደረግሁትን ደግሞ ዘርዘር አድርጌ ልናገር። በጨለማ ብቻዬን አልወጣም፤ በእንጦጦ ግርጌ ውሻም ጅብም ስላለ ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር በአስፋልቱ ወደ ስድስት ኪሎ እንወርዳለን። ስልክ አልይዝም። የምይዘው አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ከመተኛቴ በፊት ካቆምኩበት ገጽ የመጨረሻዋን አንብቤ እተኛለሁ፣ በማግስቱ እርሷን ይዤ እወጣለሁ። በዳገት ላይ ማሰብ አይቻልም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ፣ የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ሽቅብ የሚሮጥ ሰው ከትንፋሹ ሌላ የሚያስበው የለም። ሐሳብ የሚመጣው ቁልቁል ስንወርድ ነው። ቤት እንደገባሁ ውኃው እስኪሞቅ ሳልቀመጥ፣ ደብተሩን የወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ዘርግቼ የመጣልኝን እጽፋለሁ፤ ከታጠብኩ በኋላ ያለውን መቼም አላገኘውም።

እንግዶቿ ስለቀሩባት ሴት በምጽፈው ታሪክ መጨረሻ ላይ ሦስት ሳምንት ቆሜ ነበር። ሴትዮዋ ባዶ ሲኒዎቹን ካየች በኋላ ምን እንደምታደርግ አልገባኝም፤ አስቀምጬ ባስለቅሳት ሐሰት ይሆንብኛል። አንድ ቅዳሜ ከጫካው ስንወርድ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተሸክመው ወደ ከተማ ከሚወርዱት ሴቶች አንዷን አየሁ። ለማረፍ ወደ መንገዱ ዳር ካብ ጀርባዋን ሰጥታ ተጠጋች፤ ሸክሟን ሳትፈታ ካቡ ላይ አሳረፈችና ቆማ ተነፈሰች። መሬት ላይ ብታወርደው ብቻዋን መልሳ ልታነሣው አትችልም። ቤት ስደርስ ያቺ ባለ ቡና ሴት አልተቀመጠችም፤ ከግድግዳው ተደግፋ፣ ጀበናውን ይዛ ቆመች። ታሪኩ በዚያው ጠዋት አለቀ።

ቅዳሜ ማታ የጻፍኩትን ለቤተሰቡ ጮክ ብዬ አነባለሁ። አማቴን እማማ እላቸዋለሁ፤ ከማንም የበለጠ የሚያርሙኝ እርሳቸው ናቸው። ያንኑ ታሪክ ሳነብ «ቆይ፣ ቡናው መቼ ታጠበ? ሳይታጠብ ምጣድ ላይ ይወጣል እንዴ?» ብለው አስቆሙኝ። ዘልዬዋለሁ። ስለ ቡና መታጠብ የጨመርኳቸው ሦስት መስመሮች ከታሪኩ ውስጥ አብልጬ የምወዳቸው ሆኑ። ጽሑፌ ከቤተሰቤ የሚነጥቀኝ ሳይሆን ቤተሰቡ የሚካፈለው ነገር የሆነው ከዚህ ልማድ ወዲህ ነው።

ሁሉም የተቃና አልነበረም። ባለፈው ዓመት ዘጠኝ ታሪኮች የያዘ መድበል ለአንድ አሳታሚ ሰጥቼ ከወራት በኋላ ያለ ምንም አስተያየት ተመለሰልኝ። ንዴቴን በሩጫ ልወጣ ብዬ ስምምነታችንን ጥሼ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ያውም በፍጥነት መሮጥ ጀመርኩ። ከተረከዜ በላይ ያለው ጅማት ቆስሎ ስድስት ሳምንት አረፍኩ። በእንጦጦ የሚለማመዱትን አትሌቶች በየቅዳሜው ሳይ ኖሬ ያልተማርኩት ነገር ነበር፤ እነርሱ ቀላል በሚሉት ቀን በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ፣ አንዱ የሌላውን ኮቴ እየተከተለ፣ እኔ እንኳ ልከተላቸው በምችለው እርጋታ ነው የሚሮጡት፤ ከከባዱ ልምምድ በኋላ ያርፋሉ። እኔ ግን ለዕረፍት ቦታ አልተውኩም ነበር። በእነዚያ ሳምንታት መሮጥ ስላልቻልኩ ጠዋት ልጆቹን በእግሬ ትምህርት ቤት አደርስ ነበር፤ ወንዱ ልጄ በሰርቪስ ሲሄድ ነግሮኝ የማያውቀውን የክፍሉን ወሬ ሁሉ በዚያ መንገድ ላይ አጫወተኝ። እግሬ ከዳነ በኋላም የዓርቡን የእግር ጉዞ አልተውነውም። መድበሉን አንድ ታሪክ አውጥቼ፣ ሁለቱን እንደገና ጽፌ አሁን ለሌላ አርታኢ አቅርቤዋለሁ።

አሁን ረጅም ልቦለድ ጀምሬያለሁ፤ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነኝ፤ 40 ደቂቃውም ጠቦኛል። በድሮው ልማዴ ቢሆን ጋቢውን ተከናንቤ ሌሊቱን እገባበት ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ለባለቤቴ ነገርኩት፤ «ስንት ሰዓት ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ወዲያው መመለስ አቃተኝ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወረቀቱን አውጥተን እንደ አዲስ ልንነጋገር ተቃጥረናል። እማማም እንገኛለን ብለዋል። ሴቷ ልጄ የራሷ ጥያቄ እንዳላት አሳውቃናለች፤ ምን እንደሆነ ግን እስከ እሑድ አልናገርም ብላለች።